የመርከቧ ፊልም ወደተቀረጸበት፦ ከካይሮ እስከ አቡ ሲምበል

ቀን 1፣ ካይሮ

ሌሊት ከቦሌ ተነስቼ ንጋት ላይ ካይሮ ገባሁ። እቴቴ ከዱባይ ቀድማኝ ደርሳ ኤርፖርት በር ላይ ቆማ ሳያት ሻንጣዬን ጥዬ ነው የሮጥኩት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በቪዲዮ ኮል ብቻ ነበር የምንተያየው። ይሄን ጉዞ ከልጅነታችን ጀምሮ ስናወራው ነው የኖርነው። ሰፈራችን አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር፣ ከዛ እየተከራየን ስንት ጊዜ እንዳየነው ቁጥሩ የጠፋን አንድ ፊልም አለ፣ ዴዝ ኦን ዘ ናይል፣ የ1978ቱ። ስሙን መያዝ ስላልቻልን "የመርከቧ ፊልም" ነበር የምንለው። እንግሊዝኛው ስለማይገባኝ እቴቴ ነበረች እየገመተች የምትተረጉምልኝ፣ ገዳዩንም ከኔ በፊት ያወቀችው እሷ ናት። ያላያችሁት ስለምትኖሩ እዚህ ገዳዩን አልናገርም።

አሁን አዲስ አበባ ፊልም ላይ ኮስቲዩም ነው የምሰራው፣ እዚህ ሙያ ውስጥ የገባሁትም በዛ ፊልም ልብሶች ምክንያት ነው። ስለዚህ የመጣነው ለፒራሚድ ብቻ ሳይሆን ፊልሙ የተቀረጸባቸውን ቦታዎች እየዞርን ለማየት ነው። ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ ታሪኩ አባይ ላይ በምትጓዝ መርከብ ውስጥ ግድያ ተፈጽሞ ፖዋሮ የሚባለው መርማሪ ገዳዩን ሲፈልግ ነው፣ መጽሐፉን አጋታ ክሪስቲ በ1937 አሳተመችው፣ ለፊልም አንቶኒ ሻፈር ጻፈው፣ ዳይሬክተሩ ጆን ጊለርሚን ነው፣ በ1977 መጨረሻ ተዋንያኑን በሙሉ ይዘው ግብጽ ድረስ መጥተው 7 ሳምንት ቀረጹ። ክሪስቲ በጥር 1976 ስላረፈች ይሄን ፊልም አላየችውም፣ ይሄ ሁሌ ያሳዝነኛል። 1977 መጨረሻ ማለት በኛ 1970 መጀመሪያ ነው፣ እኛ ጋር ቀይ ሽብርና የኦጋዴን ጦርነት የነበረበት ጊዜ፣ እናታችን ስለዛ ዓመት ስታወራ ድምጿ ዝቅ ይላል፣ በዛው ወር በዚሁ ወንዝ ታች ደግሞ እነዚህ ሰዎች ፊልም ይቀርጹ ነበር።

ከሰዓት ጊዛ ሄድን። አዲስ ተጋቢዎቹ ፒራሚዱን ወጥተው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ያቺ የተከዳችው ልጅ፣ ሚያ ፋሮው፣ ቀድማ ወጥታ የምትጠብቅበትን ሲን ታስታውሳላችሁ? ዛሬ መውጣት በህግ የተከለከለ ነው። ከስር ቆመን ድንጋዮቹን ስናይ አንዱ ብቻ እስከ ደረቴ ይደርሳል፣ እቴቴ እጇን ጣል አድርጋበት "እንዴት በዛ ጫማ ወጣችው?" አለች። እኔም የማስበው ጫማውን ነበር።

ቀን 2፣ ሉክሶር

የሌሊት ባቡር። እንቅልፍ የለም፣ ግን ሲነጋ በመስኮት የሸንኮራ አገዳ ማሳ፣ አህያ የጫነ ገበሬ፣ ከሩቅ ደግሞ በረሃው ልክ በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ አረንጓዴው ካበቃበት ሲጀምር እያየሁ ደረስን።

ካርናክ ቤተ መቅደስ ገብተን በቀጥታ ወደ አምዶቹ ነው የሄድነው። 134 አምዶች ናቸው፣ መሀል ላይ ያሉት 12ቱ 21 ሜትር አካባቢ ይሆናሉ። ፊልሙ ላይ ሰዎቹ በነዚህ አምዶች መሀል ተበታትነው እየተጠባበቁ፣ ማን ማንን እንደሚከተል ሳይታወቅ ትልቅ ድንጋይ ከላይ ተገፍቶ ይወድቃል። ስልኬ ላይ ሲኑን አውርጄው ስለነበር እያቆምን እያስኬድን ካሜራው የት እንደነበረ ፈለግን። የገረመኝ ነገር፣ መጽሐፉ ላይ ድንጋዩ የሚወድቀው እዚህ አይደለም፣ አቡ ሲምበል ነው። ፊልም ሰሪዎቹ ናቸው ወደ ካርናክ ያመጡት፣ እዚህ ቆሜ ሳየው ምክንያቱ የተገለጠልኝ መሰለኝ። አቡ ሲምበል ፊት ለፊቱ ገላጣ ነው፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያያል። ካርናክ ውስጥ ግን አንድ እርምጃ ወደ ጎን ካልሽ በቃ ጠፋሽ። እቴቴ አንዱን አምድ ዞራ ስትሄድ ስሟን እየጠራሁ ሁለት ደቂቃ ፈለግኳት፣ ለካ ከኔ አራት ሜትር አትርቅም ነበር! መርማሪ ፊልም የሚፈልገው ይሄንን ነው፣ አስር ሰው አንድ ቦታ ሆኖ ማንም ማንንም እንዳያይ። መጽሐፍን ወደ ፊልም ማምጣት ሲባል እንዲህ ነው፣ ቃሉን ብትቀይሪውም ፍርሃቱን ትጠብቂያለሽ።

ቀን 3፣ መርከብ ላይ

ዛሬ መርከባችን ላይ ወጣን፣ ተራ የቱሪስት መርከብ ናት፣ ከሉክሶር ወደ አስዋን። ግን ወደቡ ላይ ስንሄድ እቴቴ ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ፣ "ሚሚ! እያት!" ስዞር የእንፋሎት መርከቧ ሱዳን ቆማለች። ነጭ፣ የእንጨት በረንዳና ትልቅ መቅዘፊያ ጎማ ያላት። ፊልማችን ላይ "ካርናክ" የተባለችው ግን እሷ አይደለችም፣ ሜምኖን የምትባል ሌላ አሮጌ የእንፋሎት መርከብ ናት። ሱዳን በ2004ቱ በዴቪድ ሱሼ የቴሌቪዥን ፖዋሮ ላይ ነው የሰራችው፣ እስከዛሬም በዚሁ መስመር ሰው ትጭናለች። ቢሆንም መልካቸው ስለሚመሳሰል እቴቴን ማስረዳት አልቻልኩም፣ "የኛዋ ናት" ብላ ፎቶ ተነሳች። ተውኳት።

ከሰባቱ የግብጽ ሳምንታት አራቱን መርከብ ላይ ነው የቀረጹት። እስኪ አስቡት፣ ቤቲ ዴቪስ፣ ማጊ ስሚዝ፣ አንጀላ ላንስበሪ፣ ዴቪድ ኒቨን፣ ጄን በርኪን፣ ፒተር ኡስቲኖቭ፣ ይሄ ሁሉ ትልቅ ሰው ባንዲት ጠባብ መርከብ ላይ፣ ከካሜራው፣ ከመብራቱ፣ ከድምጹ ሰው ጋር። ሙቀቱ እኩለ ቀን ላይ ስለማይቻል ሜካፕ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጀመራል፣ ቀረጻው 12 ሰዓት፣ ከዛ ቀን ላይ ሁለት ሰዓት ያቆማሉ። ቀረጻ ቦታ ላይ የሰራ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እኛ አንዴ አዋሽ አካባቢ ስንቀርጽ የተዋናዩ ሰው ሰራሽ ጺም ሙጫው በላብ እየለቀቀ በየአስር ደቂቃው ስናጣብቅ ውለን ቆዳው ቀይ ሆኖ ደም ሊወጣው ደርሶ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከጀርባው ሆኜ የሸሚዙን ላብ በፎጣ እየመጠጥኩ፣ ምክንያቱም ባለፈው ሾት ደረቅ የነበረ ሸሚዝ በዚህኛው ረጥቦ ከታየ ያ ሲን ሞተ። እነሱ ደግሞ የ1930ዎቹን ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ከነኮቱ ለብሰው ነው። በ1974 በሌላው የክሪስቲ ታሪክ ፊልም፣ በምስራቅ ኤክስፕረሱ ላይ፣ ፖዋሮን የሰራው አልበርት ፊኒ ሁለተኛውን ያልሰራው ያንን ሁሉ ሜካፕና ፓዲንግ በግብጽ ሙቀት መሸከም ስላልፈለገ ነው፣ እኔ ፈጽሞ አልፈርድበትም። ቦታውን የያዘው ኡስቲኖቭ ነው፣ ያኔ 56 ዓመቱ፣ ብዙ ማስመሰያ ሳያስፈልገው በራሱ ቁመናና በራሱ ሆድ ገብቶ ሰራው፣ ከዛ በኋላም አምስት ጊዜ ደግሞታል።

ካሜራውን የያዘው ጃክ ካርዲፍ ነው። ለዚህ ሰውዬ ወንዝና ጀልባ አዲስ አይደለም፣ በ1951 የወጣውን አፍሪካን ኩዊን የሚባለውን ፊልም ኮንጎ ድረስ ሄዶ የቀረጸ ነው፣ እዛ ብዙው የቀረጻ ቡድን ታሞ ነበር። ዛሬ ከሰዓት መርከባችን ላይ በረንዳው ዳር ቁጭ ብዬ ብርሃኑን ሳይ፣ ውሃው ብርሃኑን ከስር እየመለሰ የሰው አገጭ ስርና የጣሪያው እንጨት ላይ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያንን ፊልሙ ላይ አይቼው በመብራት የተሰራ ነበር የሚመስለኝ። ወንዙ ራሱ ነው የሚሰራው።

ማታ እራት ላይ ለእቴቴ የነገርኳት ደግሞ ይሄን ነው። ፊልሙ ላይ ፖዋሮና ጓደኛው ኮሎኔል ሬስ አብረው ነው የሚመረምሩት፣ ኮሎኔሉ ዴቪድ ኒቨን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኒቨን መኮንን፣ ኡስቲኖቭ ተራ ወታደር ሆነው አንድ የጦር ፊልም አብረው ሲሰሩ፣ ተራ ወታደር ከመኮንን ጋር እኩል ቁጭ ብሎ መስራት ስለማይፈቀድ ኡስቲኖቭን የኒቨን አገልጋይ ወታደር ብለው መዘገቡት። ከ30 ዓመት በላይ አልፎ እዚህ መርከብ ላይ ደግሞ ኮሎኔሉ ነው የፖዋሮን ትዕዛዝ የሚፈጽመው። ሁለቱ ሲተያዩ ዓይናቸው ውስጥ ያለው ፍቅር ትወና ብቻ አይደለም፣ ድጋሚ ስታዩት ልብ በሉት።

ቀን 4፣ ኤስና እና ኤድፉ

ኤስና ጋር መርከቦች ተራ ይዘው፣ ከዝቅተኛው ውሃ ወደ ከፍተኛው በሚያነሳቸው የመቆለፊያ በር እስኪያልፉ ይጠብቃሉ። እዛ በትናንሽ ጀልባ ነጋዴዎች ይመጣሉ፣ ጋቢ የሚያክል ጨርቅ፣ ቀሚስ፣ ሻርፕ በፌስታል ጠቅልለው ወደ ላይ ፎቅ ይወረውሩልሻል፣ ከወደድሽው ገንዘቡን በዛው ፌስታል ወደታች። እቴቴ የዱባይ አረብኛዋን አውጥታ ሩብ ሰዓት ተከራከረች። አንድ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ገዛን፣ ሽመናው ትንሽ ላላ ያለ ግን ጫፉ በእጅ የተቋጨ፣ ቋጩን ጣቴ ላይ ሳንከባልለው የዶርዜ ሸማኔዎች ከሚቋጩት ጋር አንድ ሆነብኝ።

ስለ ልብስ ካነሳን አይቀር። የፊልሙን ኮስቲዩም የሰራው አንቶኒ ፓወል ነው፣ በዚህ ስራ ኦስካር ወሰደ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ቴስ በሚባለው ፊልም ደገመ። ቤቲ ዴቪስ ከ26 ዘንዶ ቆዳ የተሰራ ጫማ ነበራት ይባላል። ለኔ ግን ከጫማው የሚበልጠው ሌላ ነው። መርከቧ ላይ ሁሉም የተሳፈረው ሰው የመግደል ምክንያት አለው፣ ተመልካቹ ደግሞ ከደርዘን በላይ ፊት በሁለት ሰዓት ውስጥ መለየት አለበት። ስም አንይዝም፣ እኔና እቴቴ የአንዱንም ስም ሳንይዝ ነው ያደግነው። "ጥምጥም ያላት ሰካራሟ"፣ "ዕንቁዋ አሮጊት"፣ "ሱሪዋ ሴት" እያልን ነው የምንለያቸው። ማጊ ስሚዝ የአሮጊቷ ረዳት ሆና እንደ ወንድ የተሰፋ ኮት ነው የምትለብሰው፣ ጠንካራ ትከሻ፣ ክራቫት፣ እሷና ቤቲ ዴቪስ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዷ ሁሉ ነገሯ ዳንቴል አንዷ ሁሉ ነገሯ ቀጥ ያለ መስመር፣ ሳይናገሩ እንደማይዋደዱ ታውቂዋለሽ። አንጀላ ላንስበሪ ላይ ደግሞ ዶቃው፣ ጥምጥሙ፣ ሻርፑ፣ ሁሉም ነገር አንድ ይበዛል፣ በሆቴሉ ታንጎ ላይ ስትወዛወዝ ሁሉም ይንቀሳቀሳል። (ታንጎውን ያሰለጠናቸው የባሌት ዳንሰኛው ዌይን ስሊፕ ነው።) እኔ ስክሪፕት ሲሰጠኝ እስከዛሬ የማደርገው ይሄንኑ ነው፣ ስሙን ሳላነብ ይሄ ሰው ከሩቅ በምን ይታወቃል ብዬ ነው የምጀምረው።

ኤድፉ ቤተ መቅደሱ አስደናቂ ነው፣ ግን ልቤ ጨርቁ ላይ ስለነበር ብዙ አልጽፍም።

ቀን 5

ኮም ኦምቦ። ሙቀት። እቴቴን ራስ ምታት ያዛት፣ ቀኑን በእርጥብ ፎጣና በሎሚ ውሃ አሳለፍን። ወሩ ህዳር ሆኖ እንኳ እኩለ ቀን ላይ በረንዳው ላይ መቆም ሲከብደን ስለነዛ ሰዎች እያሰብን ነበር፣ ቤቲ ዴቪስ ያኔ 69 ዓመቷ ነው።

ቀን 6፣ አስዋን

ይሄን ቀን ነው የጠበቅኩት።

ጠዋት ፊሌ ቤተ መቅደስ። እነሱ ሲቀርጹ ፊሌ ገና ድንጋይ በድንጋይ እየተነቀለች ወደ አጊልኪያ ደሴት እየተዛወረች ነበር፣ የተከፈተችው በ1980 ነው። ከሰዓት ኦልድ ካታራክት ሆቴል። በ1899 የተሰራ፣ ክሪስቲ ራሷ ያረፈችበት፣ ፊልሙም የተቀረጸበት ነው። በረንዳው ላይ ሻይ አዘዝን፣ ከፊት ለፊታችን ኤለፋንታይን ደሴት፣ ፈሉካ የሚባሉት ጀልባዎች ሸራቸውን ገልብጠው ሲያልፉ፣ ጥቁር የተወለወለ ግራናይት ድንጋይ ከውሃው ብቅ ብቅ ብሎ።

እዚህ እስክንደርስ ሆን ብዬ ያልነገርኳት ነገር ነበር።

"እቴቴ፣ ፖዋሮን የሚሰራው ሰውዬ፣ ኡስቲኖቭ፣ ቅድመ አያቱ የኛ ሀገር ልጅ እንደሆነች ታውቂያለሽ?"

"ሂጂ ወደዛ!"

"በሞቴ።"

"በማን በኩል?"

"ባባቱ።"

ነገርኳት። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ያሰሯቸው ከነበሩት ፈረንጆች አንዱ ሞሪትዝ ሆል ይባላል፣ ከክራኮቭ የመጣ ፖላንዳዊ ይሁዲ የነበረ። ያገባው ካታሪና የምትባል ልጅ ነው፣ ወለተ ኢየሱስም ትባላለች፣ አባቷ ኤድዋርድ ዛንደር የሚባል ሀገራችን የኖረ ጀርመናዊ ሰዓሊ፣ እናቷ የጎንደር ቤተ መንግስት ሴት። የካታሪናና የሞሪትዝ ልጅ ማግዳሌና በ1868 መቅደላ ላይ ተወለደች፣ እንግሊዞች ተራራውን በከበቡበት ሰሞን። ከመቅደላ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ያፋ ሄደ፣ እዛ ማግዳሌና ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭ የሚባል ከሩሲያ የመጣ መኳንንት አገባች፣ ልጃቸው ዮና በ1892 ተወለደ፣ የዮና ልጅ ደግሞ ፒተር በ1921 ለንደን። ይሄው፣ ፖዋሮ።

እቴቴ ሻይዋን አስቀመጠች። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዛ ወደ ውሃው እያየች "ይሄ ውሃ ከኛ ነው የሚመጣው፣ እሱም ከኛ ነው የመጣው" አለች። እዚህ ከሚደርሰው ውሃ ከ80 በመቶ በላይ ከኛ ተራሮች የወረደ ነው፣ የማግዳሌና አያት የጠጣችው የጎንደር ወንዝም ዞሮ ዞሮ እዚሁ ነው የሚገባው። ኡስቲኖቭ አራት ሳምንት እዚህ ውሃ ላይ ሲቀመጥ ይሄን አስቦት ይሆን ብዬ ነው ቀኑን ሙሉ የማስበው። ልጅ ሆነን ፊቱን ስናይ እቴቴ ሁሌ "ይሄ ሰውዬ አጎቴን ይመስለኛል" ትል ነበር፣ እናታችን ትስቅባት ነበር። ዛሬ እሷው አስታወሰችኝ።

አመሻሽ ላይ ፈሉካ ይዘን ወጣን። ቀዛፊው ኑቢያዊ ሽማግሌ ነው፣ ከየት ናችሁ ሲል እቴቴ "ሐበሻ" አለችው። መቅዘፊያውን አቁሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለንና ሂሳቡን ቀነሰልን፣ ሳንጠይቀው።

ቀን 7፣ አቡ ሲምበል

ሚኒባሱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሆቴል በር ላይ መጣ። እቴቴን ስቀሰቅሳት "የሜካፕ ሰዓት ነው፣ ተነሺ" አልኳት። ልክ በዛ ሰዓት ነው እነሱም ይነሱ የነበረው። መንገዱ ወደ 280 ኪሎ ሜትር በረሃ ብቻ ነው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ፀሐይ ወጣች።

ቤተ መቅደሱ ራሱ አሁን ያለበት ቦታ የነበረበት አይደለም። ትልቁ ግድብ ሲሰራ ውሃ እንዳይውጠው ከ1964 እስከ 1968 ቆራርጠው 65 ሜትር ወደ ላይ አወጡት። ክሪስቲ መጽሐፉን የጻፈችው ስለ ድሮው ቦታ ነው፣ ፊልሙ የተቀረጸው በአዲሱ፣ ያውም ገና 9 ዓመቱ እያለ። ደግሞ የግድቡ ግንብ ለመርከብ ማለፊያ የለውም፣ ማለትም ከሉክሶር የተነሳች መርከብ አስዋን ላይ ታበቃለች፣ እዚህ ልትደርስ አትችልም። ፊልሙ ላይ ግን ወንዙ አንድ ሆኖ ካርናክና አቡ ሲምበል በአንድ ጉዞ ይታያሉ፣ ኤዲተሩ ነው በመቀስ ያገናኛቸው። ሰባት ቀን የፈጀብንን መንገድ ለካ እኛ ልጅ ሆነን ቤታችን ውስጥ የአንድ መርከብ መንገድ አድርገን ነበር የተቀበልነው!

የ2022ቱ አዲሱ ፊልም ሲሰራ ይሄን ቤተ መቅደስ እንግሊዝ ሀገር ሎንግክሮስ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የሰሩት፣ መርከቧንም እዛው። ስራቸውን አልንቅም፣ ያን የሚያክል የቀረጻ ቦታ መገንባት ምን ያህል እጅ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ግን ራምሴስ እግር ስር ቆሜ የጠዋቱ ብርሃን ጉልበቱ ላይ ሲወጣ፣ አሸዋው ነፋስ ይዞት ጥርሴ ውስጥ ሲገባ፣ የ1978ቱ ተዋንያን ለምን ዓይናቸውን እንደዛ እንደሚያጠብቡ ገባኝ። ዓይናቸው በእውነት ተቃጥሎ ነው።

ቀን 9፣ አዲስ አበባ

እቴቴን ካይሮ ኤርፖርት ሸኝቼ ተመለስኩ። ዛሬ ከስራ ስወጣ ቸርችል ጎዳና ላይ ከታክሲ ወረድኩና ቴዎድሮስ አደባባይ ሄድኩ፣ የሴባስቶፖል መድፍ ቅጂ ያለበት። እውነተኛው ሰባት ቶን አካባቢ ነው፣ አሁንም መቅደላ አፋፍ ላይ አለ። በየቀኑ በዚህ አደባባይ ሳልፍ አንዴም ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። እቴቴ ጋር ቪዲዮ ደወልኩና ስልኩን ወደ መድፉ አዞርኩላት።

"የፖዋሮ ቅድመ አያት የሰራው ይሄ ነው?" አለች።

"ከሰሩት አንዱ ነው።"

"ጠጋ በይ፣ ይታየኝ።"

ጠጋ አልኩ።